ያውቁ ኖሯል? አንድ ዜማ፣ ብዙ እስትንፋስ

በአሶሳና በአካባቢው የሚኖሩት የበርታ ሕዝብ ዋዛ በተባለው የትንፋሽ መሣሪያቸው ዜማ ሲያሰሙ፣ እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው በመሠረቱ አንድ ድምፅ ብቻ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? አንድ ሰው ብቻውን ዜማውን ሊጫወተው አይችልም። ሙሉው ዜማ የሚሰማው ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው፣ አንዱ የተወውን ክፍተት ሌላው እየሞላ ሲነፉ ነው።

• ዋዛ የሚሠራው ከቅል ነው። የተቆራረጡ ቅሎች አንዱ በሌላው ውስጥ እየተሰካኩ ወደ ጫፉ እየሰፋ የሚሄድ ረጅም ጥሩምባ ይወጣቸዋል። አጫጭሮቹ ቀጭን፣ ረጃጅሞቹ ወፍራም ድምፅ ይሰጣሉ፤ ከአንድ ሜትር የሚበልጡም አሉ።

• አንድ የዋዛ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ጥሩምባዎች አሉት። ጨዋታው ከመኸር ደስታ ጋር የተያያዘ ሲሆን ዘፈንና ጭፈራም አብረውት ይሄዳሉ። በርታዎች ከድንበር ማዶ በሱዳን ብሉ ናይል አካባቢም ስለሚኖሩ፣ ዋዛ በሁለቱም አገሮች ይሰማል።

• ይህ የመቀባበል ስልት ለደገኛውም እንግዳ አይደለም። እምቢልታም በሦስት ነፊዎች የሚነፋ ሲሆን፣ እያንዳንዱ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው።

ወደ አሶሳ ከዘለቁ ዋዛን ቀርበው ያድምጡ፤ አንድ ነፊ ሲጎድል ከዜማው አንድ ድምፅ ይጎድላል።