የጃቫ ፕሮግራም ግንባታ ለምን ይሰናከላል? ለስክሪፕቱ ያልተነገረውን ነገር የመፈለግ ዘዴ

በሶፍትዌር ሙያ ውስጥ ዘወትር ከሚሰሙ አባባሎች አንዱ «በእኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» የሚለው ነው። አንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት በተማሪው ኮምፒውተር ላይ ያለ እንከን ሲሠራ ቆይቶ በመምህሩ ወይም በቡድን ጓደኛው ኮምፒውተር ላይ ሲሞከር በስህተት መልእክት ብዛት ተጨናንቆ ይቆማል። ከዚህ የከፋም አለ፤ አንዳችም የስህተት መልእክት ሳይታይ፣ «ግንባታው ተሳክቷል» ተብሎ፣ የተሳሳተ ውጤት የሚሰጥ ፕሮግራም በተጠቃሚዎች እጅ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የጃቫ ፕሮግራሞችን የሚገነቡ ስክሪፕቶች እንዴት እንደሚሠሩ፣ ስለ ምን እንደሚሰናከሉና የችግሩ ምንጭ በምን ሥርዓት እንደሚፈለግ እንመለከታለን። የምንነሣበት ሐሳብ አንድ ነው፦ የግንባታ ስክሪፕት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው በውስጡ በተጻፈው ነገር ሳይሆን ሳይጻፍ በቀረው ነገር ነው።

ለመሆኑ የግንባታ ስክሪፕት ምንድን ነው?

በጃቫ ቋንቋ የተጻፈ ምንጭ ኮድ በቀጥታ ለተጠቃሚ የሚሰጥ ፕሮግራም አይደለም። በመጀመሪያ ጃቫክ የተባለው ኮምፓይለር ምንጭ ኮዱን ወደ ክላስ ፋይሎች ይለውጠዋል፤ ቀጥሎ ሥዕሎችና የቅንብር ፋይሎች ወደ ተገቢው ቦታ ይገለበጣሉ፤ ከዚያም የፕሮግራሙን ትክክለኛነት የሚፈትሹ ፈተናዎች ይካሄዳሉ፤ በመጨረሻም ሁሉም ጃር በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ይታሸጋል። ይህን ሁሉ በየጊዜው በእጅ ማከናወን አድካሚ ከመሆኑም በላይ አንዱን ደረጃ ለመዝለል ያጋልጣል። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል በአንድ ፋይል ይጻፍና በአንዲት ትእዛዝ እንዲፈጸም ይደረጋል። ይህ ፋይል የግንባታ ስክሪፕት ይባላል።

በሒሳብ ዐይን ሲታይ ስክሪፕቱ አቅጣጫ ያለው ግራፍ ነው። የግራፉ ነጥቦች ሥራዎቹ ሲሆኑ ቀስቶቹ «ይህ ከዚያ በፊት መጠናቀቅ አለበት» የሚሉ ጥገኝነቶች ናቸው። መሣሪያው ቀስቶቹን ተከትሎ ለሥራዎቹ ተራ ያወጣል። ሀ ለን የሚጠብቅ፣ ለ ደግሞ ሀን የሚጠብቅ ከሆነ ግን ተራ ማውጣት ስለማይቻል መሣሪያው ስህተቱን አሳውቆ ያቆማል። ከዚህ ሌላ መሣሪያው ጊዜ ለመቆጠብ ያልተለወጠውን ነገር ዳግም አይሠራም። ክላስ ፋይሉ ከምንጭ ኮዱ በኋላ የተጻፈ ከሆነ እንደ ወቅታዊ ቆጥሮ ያልፈዋል። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን መሣሪያው የሚያውቀው የተሰመሩለትን ቀስቶች ብቻ መሆኑን ነው። በእውን ያለ ነገር ግን ያልተሰመረ ጥገኝነት ለእርሱ የለም።

የመሣሪያዎቹ አመጣጥ በአጭሩ

ለኋላ ቀር ያልሆኑት የግንባታ መሣሪያዎች ሁሉ አርአያ የሆነው ሜክ ነው፤ እርሱንም እ.ኤ.አ. በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላብራቶሪዎች ሠራው። በሜክ ፋይል ውስጥ የትእዛዝ መስመሮች በታብ ምልክት መጀመር አለባቸው፤ በታብ ፈንታ ተራ ባዶ ቦታ ከገባ ዐይን ልዩነቱን ሳያይ ግንባታው ይቆማል። ጄምስ ደንከን ዴቪድሰን ቶምካት የተባለውን የጃቫ ሰርቨር ሲያዘጋጅ ይህን ከመሰለው ችግር ለመላቀቅና በየትኛውም የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የሚሠራ መሣሪያ ለማግኘት አንትን ፈጠረ። አንት እ.ኤ.አ. በ2000 ራሱን የቻለ ምርት ሆኖ ወጣ። የሜቨን እትም 1.0 እ.ኤ.አ. በ2004፣ የግሬድል እትም 1.0 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ተከተሉ። አንት እያንዳንዱን እርምጃ በዝርዝር እንድንጽፍ ይጠብቃል፤ ሜቨን ፋይሎቹ በታወቀ ቦታ ከተቀመጡ ቀሪውን በልማድ ይሠራል፣ የሚያስፈልጉትንም ላይብረሪዎች ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ ግሬድል የሁለቱን ጠባይ ከፕሮግራም ቋንቋ ጋር ያጣምራል።

መልእክቱን ከመጀመሪያው ማንበብ

ግንባታ ሲሰናከል ዐይን ቶሎ የሚያርፈው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ይሁን እንጂ የመጨረሻው መስመር የሚናገረው መሰናከሉን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። አንዲት ላይብረሪ ብትጎድል የእርሷን ስም የጠቀሱ መስመሮች ሁሉ እንደ ስህተት ይቆጠራሉ፤ ጃቫክ በሌላ መልኩ ካልታዘዘ በቀር 100 ስህተቶችን ዘርዝሮ ያቆማል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የመጀመሪያው ስህተት ጥላዎች ናቸው። ስለዚህ ንባቡ ከላይ ይጀምር፤ የመጀመሪያው ስህተት ይታረም፤ ከዚያ ግንባታው ይደገም። መልእክቱ አጥጋቢ ካልሆነ አንትን በ«ቨርቦስ»፣ ሜቨንን በ«ኤክስ»፣ ግሬድልን በ«ኢንፎ» አማራጭ ብናስነሣ እያንዳንዱን እርምጃ ይዘረዝሩልናል።

ያልተነገረው የጃቫ እትም

በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለትና ሦስት የጃቫ እትሞች ጎን ለጎን መኖራቸው የተለመደ ነው። በትእዛዝ መስኮት «ጃቫ» ብለን ስንጠራ የሚመልስልን አንዱ፣ ጃቫ ሆም በተባለው ተለዋዋጭ የተመለከተው ደግሞ ሌላው ሊሆን ይችላል። ሜቨን የሚከተለው ሁለተኛውን ነው። ጃቫ ሆም ኮምፓይለር ወደሌለበት ማስኬጃ ብቻ ካመለከተ ደግሞ ግንባታው ጃቫክን አላገኘሁም ብሎ ይቆማል።

የእትም አለመጣጣም በራሱ በክላስ ፋይሉ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። የማንኛውም ክላስ ፋይል የመጀመሪያዎቹ 4 ባይቶች ፋይሉ የጃቫ መሆኑን የሚያሳውቁ ምልክቶች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ቀጥለው ባሉት 4 ባይቶች የእትም ቁጥሩ ይቀመጣል። 52 የጃቫ 8፣ 55 የጃቫ 11፣ 61 የጃቫ 17 ነው፤ ከቁጥሩ 44 ሲቀነስ የጃቫው እትም ይገኛል። ስለዚህ የስህተት መልእክቱ «ፋይሉ 61 ነው፣ እኔ የማነበው እስከ 52 ነው» የሚል ከሆነ ፕሮግራሙ በጃቫ 17 ተገንብቶ በጃቫ 8 ሊሠራ እንደተሞከረ ያለ ጥርጥር እናውቃለን። መፍትሔው የታለመውን እትም በስክሪፕቱ ውስጥ በግልጽ መጻፍ ነው። ከጃቫ 9 ጀምሮ ኮምፓይለሩ «ሪሊስ» የተባለ አማራጭ አለው፤ ይህም የክላስ ፋይሉን ቁጥር ከመወሰን አልፎ በታለመው እትም ውስጥ የሌሉ የጃቫ ላይብረሪ ክፍሎችን እንዳንጠቀም ይከለክላል።

ያልተነገረው የፊደል አመዘጋገብ

ይህኛው ችግር በተለይ በግእዝ ፊደል ለምንጽፍ ሰዎች ቅርብ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አመዘጋገብ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ሰላም» የሚለው ቃል 9 ባይት ነው ማለት ነው። ኮምፓይለሩ ምንጭ ኮዱን ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት በተዘጋጀ ባለ አንድ ባይት አመዘጋገብ ካነበበው እነዚህን 9 ባይቶች እንደ 9 የተለያዩ ምልክቶች ይወስዳቸዋል። ግንባታው ተሳክቶ በመስኮቱ ላይ ግን ትርጉም የለሽ ምልክት ይደረደራል።

ከጃቫ 18 በፊት ኮምፓይለሩ አመዘጋገቡ ካልተነገረው ከኮምፒውተሩ ሥርዓት ይወስድ ነበር። አንድ ዓይነት ምንጭ ኮድ በሊኑክስ ላይ አማርኛ ሆኖ በዊንዶውስ ላይ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጃቫ 18 ዩቲኤፍ-8ን መነሻ አደረገ፤ ሆኖም ጃቫ 8ንና 11ን የሚጠቀሙ ፕሮጀክቶች ብዙ ስለሆኑ አመዘጋገቡን በስክሪፕቱ ውስጥ መጻፍ አሁንም ተገቢ ነው። ሜቨን ይህ ሳይጻፍ ሲቀር ግንባታው በኮምፒውተሩ ሥርዓት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው ግንባታውን ስለማያቆመው ብቻ ሊናቅ አይገባም።

ያልተነገረው ላይብረሪ

ፕሮጀክታችን ሀ የተባለ ላይብረሪን ይጠቀማል እንበል፤ ሀ ደግሞ ለን፣ ለ በተራው የመን 2ኛ እትም ይፈልጋል። በሌላ በኩል ፕሮጀክታችን የሚጠቀምበት ሠ የተባለ ላይብረሪ የመን 1ኛ እትም ይፈልጋል። ከሁለቱ የመ እትሞች አንዱ ብቻ ነው የሚመረጠው። ሜቨን በግራፉ ላይ ለፕሮጀክቱ የሚቀርበውን ስለሚመርጥ 1ኛውን ይወስዳል፤ ግሬድል ግን ከፍተኛውን ስለሚመርጥ 2ኛውን ይወስዳል። በሜቨን ምርጫ ግንባታው ያለ ስህተት ያልቃል፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ግን ለ በ1ኛው እትም ውስጥ የሌለ ተግባር ይጠራና «ኖ-ሳች-ሜተድ-ኤረር» የተባለው ስህተት ይከሰታል። ይህ ስህተት ሲታይ ላይብረሪው መኖሩን ሳይሆን የትኛው እትም እንደተመረጠ መጠየቅ ይገባል። ሜቨን «ዲፔንደንሲ ትሪ» በሚለው ትእዛዝ የጥገኝነቱን ዛፍ ከነምርጫው ያሳያል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ስክሪፕቱ አንዲት ፊደል ሳትለወጥበት የውጭው ዓለም ይለወጣል። የሜቨን ማዕከላዊ የላይብረሪ ማከማቻ ከጃንዋሪ 15 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባልተመሰጠረ ግንኙነት ማስተናገዱን አቆመ። ለዓመታት ሲሠሩ የነበሩና የማከማቻውን አሮጌ አድራሻ የያዙ ስክሪፕቶች በዚያን ጊዜ 501 የሚል ቁጥር ያለው ስህተት እያሳዩ ተሰናከሉ። «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚለው መረጃ እንግዲህ ስክሪፕቱን ብቻ ሳይሆን አካባቢውንም እንድንመረምር ይጋብዛል።

ተሳክቷል የተባለው ግንባታ ሲያሳስት

እስካሁን ካየናቸው ሁሉ አደገኛው ይህ ነው። በአንድ የተማሪዎች ውጤት መዝጋቢ ፕሮግራም ውስጥ «ደንብ» የሚባል ክላስ የማለፊያ ነጥብን በቋሚነት 50 ብሎ ያውጃል፤ «መዝጋቢ» የሚባለው ክላስ ይህን ቋሚ በስሙ እየጠራ አላፊና ወዳቂን ይለያል እንበል። በጃቫ ቋንቋ ደንብ መሠረት እንዲህ ያለው ቋሚ በኮምፓይል ጊዜ ዋጋው ተወስዶ በሚጠቀምበት ክላስ ውስጥ በቀጥታ ይጻፋል። በ«መዝጋቢ» ክላስ ፋይል ውስጥ ያለው 50 የሚለው ቁጥር ነው፤ ወደ «ደንብ» የሚያመለክት ነገር የለም።

አሁን የማለፊያ ነጥቡ ወደ 60 ከፍ ይበል። ፕሮግራም አድራጊው «ደንብ»ን አስተካክሎ በአንት ይገነባል። አንት የእያንዳንዱን ምንጭ ኮድ የለውጥ ጊዜ ከክላስ ፋይሉ ጋር ያነጻጽራል፤ «ደንብ» ተለውጧል፣ ይኮምፓይላል፤ «መዝጋቢ» አልተለወጠም፣ ያልፈዋል። ግንባታው ተሳክቷል ይባላል፤ ምንጭ ኮዱን የሚያነብ ሁሉ 60 የሚለውን ያያል፤ 55 ያመጣ ተማሪ ግን አሁንም አላፊ ተብሎ ይመዘገባል። ፈተናውም ቋሚውን በስሙ የሚጠቅስ ከሆነ አሮጌው 50 በእርሱም ውስጥ ስላለ ያለ ተቃውሞ ያልፋል።

ተመሳሳይ አደጋ በሌሎች መንገዶችም ይመጣል። ምንጭ ኮዱ የተሰረዘ ክላስ አሮጌው ክላስ ፋይል በውጤት አቃፊው ውስጥ ይቀርና በጃሩ ውስጥ ይታሸጋል። የውስጥ ባትሪው ያለቀበት ኮምፒውተር ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ደግሞ ዛሬ የተስተካከለው ምንጭ ኮድ ከአምናው ክላስ ፋይል ያረጀ ይመስላል፤ መሣሪያውም ሳይነካው ያልፋል።

ለዚህ የሚታዘዘው መድኃኒት የውጤት አቃፊውን አጥፍቶ ከባዶ መገንባት ነው። ከመድኃኒትነቱ ይልቅ ግን ምርመራነቱ ይጠቅማል። ከባዶ ሲገነባ ችግሩ ከጠፋ ስክሪፕቱ የማያውቀው ጥገኝነት አለ ማለት ነው፤ ካልጠፋ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው። ስለሆነም ከማጥፋታችን በፊት አሮጌውን አቃፊ ቀድተን ብናስቀምጥ ማስረጃው አይጠፋብንም።

የፍለጋው ሥርዓት

በመጀመሪያ ችግሩ በፈለግነው ጊዜ እንዲደገም እናድርግ፤ የማይደገምን ስህተት ማረሙን ማረጋገጥ አይቻልም። ሁለተኛ፣ በሚሠራውና በማይሠራው ኮምፒውተር መካከል ያለውን ልዩነት በጽሑፍ እንዘርዝር፦ የጃቫ እትም፣ የኮምፒውተሩ ሥርዓት፣ አመዘጋገብ፣ የአቃፊ ስሞች አጻጻፍ። ዊንዶውስ በላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል መካከል አይለይም፤ ሊኑክስና የጃር ፋይል ግን ይለያሉ። ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። አራተኛ፣ የለውጦቹ ታሪክ ተመዝግቦ ከተያዘ መሐሉን እየፈተንን ግማሹን እንጣል፤ በዚህ ዘዴ ከ1000 ለውጦች መካከል ጥፋተኛውን ለማግኘት 10 ያህል ሙከራዎች ይበቃሉ። በመጨረሻም የተገኘውን እውነት በስክሪፕቱ ውስጥ እንጻፈው። በቃል ብቻ ለጓደኛ ተነግሮ የቀረ ማስተካከያ ለቀጣዩ ኮምፒውተር እንደገና ያልተነገረ ነገር ይሆናል።

ፕሮጀክትን ለሌላ ሰው ከማስረከብ በፊት ወደ ባዶ አቃፊ ቀድቶ፣ ቢቻል በሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ በአንዲት ትእዛዝ ብቻ ገንብቶ ማየት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ስለ ቋሚው ቁጥር የተናገርነውንም አንባብያን በሁለት አጫጭር ክላሶች ራሳቸው እንዲሞክሩት እንጋብዛለን፤ ሁለቱን ኮምፓይል አድርጎ፣ ቁጥሩን ለውጦ፣ አንደኛውን ብቻ ዳግም ኮምፓይል ማድረግ ይበቃል። በመስኮቱ ላይ የሚታየው አሮጌው ቁጥር ይሆናል።