ከጊታርና ከክራር ወደ ፒያኖ፦ የሕዝብ ዜማ በረቀቀ የፒያኖ ሙዚቃ ውስጥ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፤ የሕዝብ ዜማ ወደ ፒያኖ ሲሻገር ምን ይዞ ይሻገራል? ምንስ በመንገድ ይቀራል? መልሱን የምናገኘው ዜማውን ብቻ ሳይሆን የተጫዋቹንም እጅ ስናጤን ነው።

በስፔናዊው ኢሳቅ አልቤኒዝ (1860–1909 እ.ኤ.አ.) እንጀምር። «አስቱሪያስ» በሚል ስም የሚታወቀው ድርሰቱ በሁለቱ እጆች መፈራረቅ ላይ የቆመ ነው። አንድ ድምፅ ሳያቋርጥ ይደጋገማል፤ ዜማው ከሥሩ ይንቀሳቀሳል። የጊታር ተጫዋች በአውራ ጣቱ ዜማውን ሲያወጣ፣ በሌሎቹ ጣቶች አንዱን ክር ደጋግሞ ሲመታ የሚሰማው ይኸው ነው። ርእሱ ግን ያሳስታል፤ አስቱሪያስ የሰሜን ስፔን አውራጃ ሲሆን፣ ሙዚቃው የሚያስተጋባው የደቡቡን የአንዳሉሲያን ፍላሜንኮ ነው። ስሙን የሰጠው ደራሲው ከሞተ በኋላ አሳታሚው ነበር። አልቤኒዝ ከጊታር የወሰደው ዜማ ብቻ አልነበረም፤ የእጁንም አሠራር ወስዶ የፒያኖ ስልት አደረገው። የኋለኛው ዘመኑ ሥራ የሆነው «ኢቤሪያ»፣ በ12 ድርሰቶቹ፣ ዛሬም የታላላቅ ተጫዋቾች መፈተኛ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ግርማ ይፍራሸዋን እናገኛለን። በልጅነቱ ከክራር ጋር ተዋውቆ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በቡልጋሪያዋ ሶፊያ ፒያኖ አጥንቷል። «አምባሰል» የተሰኘ የፒያኖ ድርሰት አለው። የአምባሰል ቅኝት ከዶ ሲነሣ፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ወዳለ ሬ ይሄዳል፤ የፍላሜንኮ ዜማም ብዙ ጊዜ መነሻውን የሚለቀው በዚሁ ጠባብ እርምጃ ነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል። የስፔኑ ዜማ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ፣ አምባሰል ሚን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ፋ ይሻገራል። ስለዚህ በጆሮ የሚመሳሰል ሁሉ ዝምድና አይደለም።

ሌላም ፈተና አለ። ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው፤ ፒያኖ ግን 12ቱን ድምፆች በእኩል ርቀት ደልድሎ አስሯቸዋል። በአንድ ቁልፍ ላይ ድምፅን ማጉበጥ አይቻልም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ (1923–2023 እ.ኤ.አ.) ለዚህ የራሳቸው መፍትሔ ነበራቸው፤ በዋናው ድምፅ ዙሪያ ፈጣን የመዋቢያ ድምፆችን ይነካሉ፤ ምቱንም እንደ ዘፋኝ እስትንፋስ ያስረዝሙታል፣ ያሳጥሩታል።

ጉዳዩ እዚህ ጅግጅጋም ይመለከተናል። የሶማሊ ዜማ በአብዛኛው ባለ አምስት ድምፅ ነው፤ ዋና አጃቢው ከበን ደግሞ አንገቱ መከፋፈያ ስለሌለው ጣት በክሩ ላይ ይንሸራተታል። ይህን ዜማ በኖታ ብቻ የሚጽፍ ተማሪ ድምፁን ያገኛል፤ መንሸራተቱን ያጣል። ስለዚህ ወደ ፒያኖው ከመቀመጣችሁ በፊት ከከበን ተጫዋቹ አጠገብ ተቀመጡ፤ የሚጫወተውን ስሙ፤ ጣቶቹ የሚሠሩትንም መዝግቡ።