345 ኪሎ ሜትር ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ቆላው ላይ ያለችው ጀልዴሳ ዛሬ ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ባቡር ከመምጣቱ በፊት ግን ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ማረፊያ ነበረች። ግመሉ ከባሕር ዳርቻ የተሸከመውን እዚያ ያራግፋል፤ የቀረውን አቀበት በቅሎና አህያ ይረከባሉ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ከዘይላ ሐረር ለመግባት በፈረስ 20 ቀን ፈጅቶበታል። በቀጥታ መስመር ሲለካ ርቀቱ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደ አዲሱ ጣቢያ ዞረ፤ ጀልዴሳም ተረሳች።

ዛሬ የጀልዴሳ ሰው አዲስ አበባ ለመብረር ድሬዳዋ ወደሚገኘው የአባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ ይመጣል። ከዚያ እስከ ቦሌ በአየር 345 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበር የለ? ታዲያ ቲኬቱ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ የሚጻፈው ለምንድን ነው? የተጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነሥቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለው ነው። ወደ ማኮብኮቢያው የሚሄድበት፣ ከፍታ የሚይዝበትና ለማረፍ ዝቅ የሚልበት ሁሉ ይቆጠራል። በአጭር በረራ በሙሉ ፍጥነት የሚጓዝበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በረጅሙ መንገድ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን ሲመለስ በ13 ሰዓት ያህል በቀጥታ ቦሌ ይገባል፤ ሲሄድ ግን በተለያዩ ዓመታት ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል። ምክንያቱ የቦሌ ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ጉልበትና የክንፉ የማንሣት አቅም ይቀንሳል። ሙሉ መንገደኛና ለአትላንቲክ ማዶ የሚበቃ ነዳጅ አንድ ላይ ጭኖ መነሣት ያስቸግራል። የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ዝቅተኛ ቦታ ላይ በመሆኑ እንዲህ ያለ ችግር የለበትም። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ሲመለስ ከኋላ ይገፋዋል፣ ሲሄድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። እንግዲህ ስለ ጉዞ ርዝመት ኪሎ ሜትር ብቻውን የሚነግረን ጥቂት ነው፤ የመነሻው ከፍታ፣ ጭነቱና ነፋሱ አብረው ይወስናሉ።

መንገደኛን በብዛት የሚያሳስተው ግን የሰዓቱ አነባበብ ነው። ቲኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ነው። በበጋቸው ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ለምሳሌ በበጋቸው ከዋሽንግተን 11:00 ተነሥቶ በማግስቱ 07:00 አዲስ አበባ የሚገባ በረራ 20 ሰዓት የሚፈጅ ይመስላል፤ 7ቱ ሲቀነስ 13 ሰዓት ነው። ይህ 07:00 በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው።

ዋናው ጥንቃቄ ለሌሊት በረራ ነው። በቲኬቱ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ «ማክሰኞ 01:00» የሚል ቲኬት የያዘ መንገደኛ ሰኞ ማታ አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት አለበት። ከድሬዳዋ ተነሥታችሁ ወደ ውጭ አገር የምትቀጥሉ ከሆነ የአገር ውስጡን በረራ ከመያዛችሁ በፊት ይህን ቀን ደግማችሁ አረጋግጡ።