የቤት ውስጥ ስፖርት ፎቶግራፍ
የቤት ውስጥ ስፖርት ፎቶግራፍ እንደ ቅርጫት ኳስና መረብ ኳስ ያሉ በአዳራሽ የሚካሄዱ ጨዋታዎችን ፎቶ ማንሳት ነው። የትምህርት ቤት አዳራሽ ለዓይን ብሩህ ቢመስልም ለካሜራ ብርሃኑ ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው። የሚሮጥ ተጫዋች ሳይደበዝዝ እንዲታይ የካሜራው መዝጊያ (ሻተር) ከሴኮንድ 1/500ኛ በላይ ክፍት ባይቆይ ይመረጣል። በዚህ አጭር ጊዜ የሚገባው ብርሃን ጥቂት ስለሆነ የሌንሱ ቀዳዳ እስከ ኤፍ 2.8 ይሰፋል፤ አይኤስኦ የተባለው የብርሃን ትብነት መጠንም ወደ 3200 ወይም 6400 ከፍ ይላል። ከፍተኛ አይኤስኦ ምስሉን ነጠብጣባማ ያደርገዋል። ሆኖም ነጠብጣቡን በኮምፒዩተር መቀነስ ይቻላል፤ በእንቅስቃሴ የደበዘዘን ፊት መመለስ ግን አስቸጋሪ ነው።

ኢትዮጵያን ጨምሮ 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ባለባቸው አገሮች ብዙ መብራቶች በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ስለዚህ በተከታታይ ከተነሱ ፎቶዎች አንዱ ደማቅ፣ ሌላው ጨለማ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ካሜራዎች መብራቱ የሚደምቅበትን ቅጽበት ጠብቀው ያነሳሉ።