ክልከላ ስንት ዘመን ይጸናል?

ፍራንክ ኸርበርት የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ በ1957 ዓ.ም. ባሳተመው «ዱን» በተሰኘው ልብ ወለድ ውስጥ፥ የሚያስብ መሣሪያ መሥራት በሃይማኖት ሕግ ተከልክሎ ክልከላው ለብዙ ሺህ ዓመታት ጸንቶ እናገኘዋለን። ይህ በእውነት ሊሆን ይችላልን? መልሱን በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ጫካ የሚበቅለው ቡና ይነግረናል።

ቡና የአገራችን ፍሬ ሆኖ ሳለ፥ ካህናት የእስላም መጠጥ ነው በማለት ለረጅም ዘመን ለክርስቲያን ከልክለውት ነበር። ነገር ግን ዛፉ በደጅ ይበቅላል፤ ነጋዴ ይጭነዋል፤ ጎረቤት ያፈላዋል። በ1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ንጉሡ ራሳቸው ጠጡት፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ አራቁ፤ ክልከላውም ላላ። የሚያስበውን መሣሪያም አንዱ አገር ቢከለክለው ሌላው ይሠራዋልና፥ እገዳው ብዙ ዕድሜ የሚኖረው አይመስለንም።

ጾም ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። ስለ ምን? ሥጋንና ወተትን ርኩስ ነው አይልም፤ ጊዜና መጠን ይወስናል እንጂ። ጠባቂውም ዘበኛ ሳይሆን ኅሊና ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ መሣሪያውን ከቤት ከማባረር ይልቅ ጾም እንወስንለት፤ ልጁ የተሰጠውን ጥያቄ አስቀድሞ በገዛ አእምሮው ይድከምበት፥ መሣሪያውን ከዚያ በኋላ ይጠይቅ። እኛም አብረን እንጹም፤ ወላጅ የሚሽረውን ጾም ልጅ አይጠብቀውምና።