ሁለት ባለ ረጅም ዕድሜ እንስሳት

የእንስሳ ዕድሜ በአካሉ መጠን ይወሰናል የሚል ሐሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ አለ፤ ዝሆን ከበግ፥ በግም ከአይጥ ይልቅ ይኖራልና። ነገሩ በአብዛኛው እውነት ቢሆንም፥ በዚህ መለኪያ ብቻ የማይፈቱ እንስሳት አሉ። ከእነርሱም ሁለቱን ለውድ አንባብያን እናቀርባለን፤ አንደኛው በሰሜን አትላንቲክ ቀዝቃዛ ውኃ የሚኖረው የግሪንላንድ ሻርክ ሲሆን፥ ሁለተኛው በኢትዮጵያ፥ በሶማሊያና በኬንያ ደረቅ ምድር ውስጥ የሚኖረው ፀጉር አልባ ፍልፈል ነው።

ሻርኩ ከ5 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ነገር ግን በዓመት የሚያድገው 1 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። አጽሙ ልል ስለ ሆነ የዕድሜ ቀለበት አይገኝበትም። ስለዚህ ሊቃውንት የዓይኑን ሌንስ መረመሩ፤ የሌንሱ እምብርት ከመወለዱ በፊት ተሠርቶ ሳይለወጥ የሚኖር ነውና። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት ከ28 ሴት ሻርኮች ትልቋ ቢያንስ 272 ዓመት እንደ ኖረች ተገመተ። እንግዲህ ይህች ሻርክ ቢዘገይ ቢዘገይ ዳግማዊ ኢያሱ በጎንደር በነገሡበት ዘመን ተወልዳለች ማለት ነው።

ፍልፈሉስ? ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1842 ከሸዋ በተገኘ ናሙና ለሳይንስ ያስተዋወቀው ይህ ፍጥረት ክብደቱ 35 ግራም ያህል ነው። በመጠን የሚቀርበው የቤት አይጥ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት አያልፍም፤ እርሱ ግን ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2017 እንደ ታወቀውም ያለ ኦክሲጅን 18 ደቂቃ ቈይቶ መዳን ይችላል።

ስለዚህ የረጅም ዕድሜ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ሻርኩ በብርድ ውስጥ፥ በዝግታ ይኖራል፤ ፍልፈሉ በሞቃት ምድር፥ ከጠላት በተሰወረ ዋሻ፥ በአንዲት ንግሥት ሥር ከወገኖቹ ጋር ይኖራል።

ትልቁ ልዩነታቸው ግን በመራባት ነው። የፍልፈሎቹ ንግሥት በዓመት ደጋግማ፥ በአንድ ጊዜም አሥርና ከዚያ በላይ ልትወልድ ትችላለች። ሴቷ ሻርክ ግን ለመውለድ የምትደርሰው በ150 ዓመት ገደማ ነው። ቀድሞ ለጉበቷ ዘይት ትታደን ነበር፤ ዛሬም ለሌላ ዓሣ በተጣለ መረብ እየተያዘች ትሞታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2020ም ዝርያዋ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተቈጥሯል። ዛሬ የተወለደች ሻርክ እናት የምትሆነው የልጅ ልጆቻችን ካለፉ በኋላ ነውና፥ ዕድሜዋ መርዘሙ ብቻውን አያድናትም፤ መረቡን የሚጥለው ሰው ካልተጠነቀቀላት በቀር።