አራት ሸክላ የሚገናኙበት ጥግ

ማርች 2 ቀን 1657 (እ.ኤ.አ.)፣ ያን ጊዜ ኤዶ ትባል በነበረችው የዛሬዋ ቶኪዮ እሳት ተነሣ። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር፤ ነፋሱም ብርቱ ነበር። ፍንጣሪው ከሣር ክዳን ወደ ስስ የሳንቃ ክዳን እየዘለለ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማይቱን በላት። አገሪቱን ይገዛ የነበረው የጦር አለቃ፣ የሾጉኑ ቤተ መንግሥት ዋና ማማ እንኳ አልተረፈም። 100,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል።

ከዚያ ሁሉ ዐመድ በኋላ መፍትሔው ለማንም ግልጽ ይመስል ነበር፤ የተተኮሰ ሸክላ አይነድም። የሾጉኑ መንግሥት ግን ተቃራኒውን አዘዘ። ከግምጃ ቤት በስተቀር የከተማው ነዋሪ ቤቱን በሸክላ እንዳይከድን ተከለከለ።

ምክንያቱ ክብደቱ ነበር። ሸክላ ክዳን ጃፓን የገባው በ588 ከኮሪያ ልሳነ ምድር፣ ከቤክጄ መንግሥት በመጡ ባለሙያዎች ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለአንድ ሺህ ዓመት አሠራሩ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ጎድጎድ ያለው ሸክላ ከታች ይነጠፋል። ጎን ለጎን የተነጠፉ ሁለት ሸክላዎች በሚገናኙበት ክፍተት ላይ ደግሞ በግማሽ የተሰነጠቀ ቱቦ የሚመስል ሌላ ሸክላ ይደፋበታል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው በወፍራም የጭቃ ምንጣፍ ላይ ነው። የቤተ መቅደስ ምሰሶ ይህን ይሸከማል፤ የነጋዴና የአናጢ ቤት ግን አይችለውም። ቤቱ ሲነድ ወይም ምድር ሲንቀጠቀጥ ሸክላው በሰው አናት ላይ ይወርዳል።

ሰው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በሣሩ ላይ ጭቃ መረገ፤ ዝናብ እየመጣ አጠበው። በሳንቃው ላይ የኦይስተር ዛጎል ያለበሰም ነበር። እሳቱ ግን አልተገታም፣ ኤዶ ደጋግማ ነደደች። እንቆቅልሹን የሚፈታው ሰው ግን በኤዶ አልነበረም።

ከኪዮቶ አጠገብ፣ በቢዋ ሐይቅ ዳር ባለችው በኦትሱ ከተማ ኒሺሙራ ሃንቤይ የሚባል የክዳን ሸክላ ሠሪ ይኖር ነበር። እንደሚነገረው ኤዶ ሄዶ ሳለ ለእሳት መከላከያ የሚሠራ የተለየ ሸክላ አየ፤ ያየው ነገርም ከአእምሮው አልወጣም። ሁለቱን ሥራ፣ ውሃ መቀበሉንም ክፍተት መሸፈኑንም፣ አንድ ሸክላ ብቻውን ቢሠራውስ? የሚደፋው ሸክላ ቢቀር ክብደቱ ምን ያህል ይቀንስ ነበር!

መልኩን ማሰቡ ቀላል ነበር። በአንድ ወገን ጎድጎድ፣ በሌላው ወገን ጎበጥ ያለ፣ እንደ ሞገድ የሚታጠፍ ሸክላ ማለት ነው። ጎበጡ የጎረቤቱን ጠርዝ ይሸፍናል። ችግሩ አፈሩ ለሰው ሐሳብ አለመታዘዙ ነው። ሸክላ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እሳት ውስጥ ሲገባ ይጣመማል፤ ሁለት መታጠፊያ ያለው ደግሞ ይበልጡን ይጠመዘዛል። የተጣመመ ሸክላ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም፤ በክፍተቱም ነፋስና ዝናብ ይገባል። ሃንቤይ ሥራውን ለዓመታት አልተወውም ይባላል።

ቀጥ ብሎ የወጣው ሸክላም ቢሆን ጣሪያ ላይ ሲወጣ ሌላ ጣጣ ያመጣል። እያንዳንዱ ሸክላ በጎኑም በታቹም ሌላውን ይጫናል። አራት ደብተር በዚህ ዓይነት እያደራረበ የደረደረ ሰው ወዲያው ያየዋል፤ አራቱ በሚገናኙበት ጥግ ላይ አራት ውፍረት ይቆለላል። ክምሩ የላይኛውን ሸክላ ያነሣዋል፣ ነፋሱም ዝናቡን ከሥሩ ይነዳዋል። የማያፈስ ክዳን ለማግኘት ይህን ጥግ ማሸነፍ ግድ ነበር።

መፍትሔው መቁረጥ ሆነ። ከሸክላው አራት ማዕዘኖች በሰያፍ የሚተያዩት ሁለቱ ላይ ትንሽ ቁራጭ ተነሣ። በዚያ ጥግ የሚተያዩት ሁለት ሸክላዎች አንዱ በሌላው ላይ መጫናቸው ቀርቶ ጠርዝ ለጠርዝ ገጠሙ፤ ክምሩ ጠፋ፣ ጣሪያው ተኛ። ከጣት ብዙም የማይበልጥ ቁራጭ ነው። ከዚያ ሁሉ ብልሃት ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። ዘመኑ 1674 ነበር።

በኤዶ ግን ክልከላው እንዳለ ነበር። ቀላሉ ሸክላ 46 ዓመት ጠበቀ፤ በ1720 በሾጉን ዮሺሙኔ ዘመን ክልከላው ተነሥቶ የከተማው ሰው ቤቱን በሸክላ እንዲከድን ተበረታታ። ቀስ በቀስም የኤዶ ጣሪያ መልኩን ለወጠ።

አንድ ጠላት ግን ገና አልተረታም፤ እሱም የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ሸክላው አሁንም በጭቃ ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ በ1923 ቶኪዮ ስትናወጥ እየተንሸራተተ ወረደ። ከዚያ በኋላ ከሸክላው ራስ ሥር ባለ ጉጥ በአግድም ማገር ላይ ማንጠልጠል ተስፋፋ። በ1995 በኮቤ ከተማ ቤቶች በመንቀጥቀጥ ሲፈርሱ ደግሞ ሰው ጣቱን በሸክላው ላይ ቀሰረ። ባለሙያዎች ክዳኑን በሚንቀጠቀጥ መድረክ ላይ ፈተኑት፤ በደንብ የተቸነከረው ሸክላ አልወረደም። በ2001 ስለ ሸክላ ክዳን አሠራር መመሪያ ወጣ። በ2019 አውሎ ነፋስ ከቶኪዮ አጠገብ ባለችው በቺባ ክዳን ሲገለብጥ፣ በመመሪያው የተሠሩት ጣሪያዎች ጉዳት ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ከ2022 ጀምሮም በአዲስ ቤት ላይ እያንዳንዱን ሸክላ ማሰር ግዴታ ሆነ።

በአሮጌ ቤት ላይ ያለው ሥራ ግን ዛሬም የእጅና የጆሮ ነው። አንድ ሸክላ ሲሰነጠቅ ክዳን ሠሪው የላይኞቹን በእንጨት ሽብልቅ ከፍ አድርጎ የተሰነጠቀውን ይስባል፣ አዲሱን ያስገባል። ክዳኑ በሙሉ ሲነሣ ጭቃው ይወገዳል፤ ሸክላው አንድ በአንድ ይንኳኳል። ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠው ተመልሶ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ የታፈነ ድምፅ ያለው ግን ዓይን የማያየው ስንጥቅ አለበትና ይጣላል።